ስለ ጡረተኞች የጤና መድን

ሰው በጐልማሳነቱ ዘመን ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሰርግና ስለ ተዝካር ሲያስብ ይኖራል፤ ስለ ሕመሙ አስቀድሞ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ጤና ያለው ሰው ጤናውን እንደ ርስት ይቈጥረዋልና። ዕድሜው 60 ሞልቶ ከሥራው በጡረታ በተሰናበተ ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ገቢው ሲያንስ መድኃኒቱ ይበዛል። ስለዚህ ጡረተኛ የሚሆን ሰው ከልዩ ልዩው የጤና መድን የትኛውን መያዝ እንደሚገባው፣ በቤተ ዘመዳችን ከተደረገው ምክር ጋር አያይዤ ለአንባቢ ላስረዳ ወደድሁ።

ታላቅ ወንድሜ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሲያስተምር ኖሮ በጡረታ ያረፈ ሰው ነው። ቤቱም በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። እርሱ የደም ግፊት አለበት፤ ባለቤቱንም የስኳር በሽታ ከያዛት ብዙ ዓመት ሆኗታል። በውጭ አገር የምትኖረው ልጃቸው «ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፤ እናንተ የሚሻለውን መድን ምረጡ» ብላ በስልክ ብትነግራቸው፣ ወንድሜ የመድኑን ወረቀት ሁሉ ሰብስቦ፣ «አንተ ከልጅነትህ ጀምረህ ሰሙን ከወርቁ ስትለይ የኖርህ ነህና፣ እስቲ ይኸንንም ፍታልን» ሲል አስረከበኝ።

እኔም ወረቀቱን በተመለከትሁ ጊዜ በእውነት ከቅኔ የማይርቅ ሆኖ አገኘሁት። ሰሙ በፊተኛው ገጽ በትልቅ ፊደል ተጽፏል፤ እርሱም «ሕመምህን ሁሉ እኛ እንሸከምልሃለን» የሚል ነው። ወርቁ ግን በመጨረሻው ገጽ በደቃቅ ፊደል «ከዚህ በቀር» በሚለው ቃል ሥር ተቀብሯል። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ብቻ ሰምቶ ቢነሣ መምህሩ እንደሚሥቅበት፣ የመድን ውልንም ፊተኛውን ገጽ ብቻ አንብቦ የሚፈርም ሰው በታመመ ቀን ራሱን ያዝናል። ስለዚህ የመድን ወረቀት ከዃላ ወደ ፊት ይነበብ።

ለአንድ ሽማግሌ የቀረቡለት መንገዶች በአገራችን ከሞላ ጐደል አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ዕድር ነው። ዕድር የከበረ ማኅበር ነው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ቀባሪውና አጽናኙ ከርሱ ይገኛል። ነገር ግን ልብ ብለን ብናየው ሕዝባችን ለሞቱ ቀን በየወሩ ሲያዋጣ ኖሮ፣ ከሞት በፊት ለሚመጣው ለሕመሙ ቀን ሳያዋጣ ቀርቷል። አንዳንዱ ዕድር ለታመመ አባል ጥቂት ገንዘብ ቢረዳም፣ ሥራው ከሞት በዃላ የሚጀምር ነውና የጤና መድንን ቦታ ሊይዝ አይችልም።

ሁለተኛው የመድን ኩባንያ ነው። በ1967 ዓ.ም. የመድን ኩባንያዎች በመንግሥት ተወርሰው፣ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅም የግል ኩባንያዎች እንደገና ተፈቀዱ። እነዚህ ኩባንያዎች የሕክምና መድንን በብዛት የሚሸጡት ለመሥሪያ ቤቶች ነው፤ ሠራተኛው በጡረታ ሲወጣ መድኑም ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ይቀራል። ለብቻው ሊገዛ የሚመጣውን ሽማግሌ ግን ኩባንያው በሥጋት ያየዋል። ወንድሜ ያመጣው ወረቀት ወርቁ ሲፈታ እንዲህ ይል ነበር፤ ዕድሜው ከተወሰነው ያለፈ አይገባም፤ ከውሉ በፊት የነበረ በሽታ አይታከምም፤ የዓመቱም ወጪ ከተወሰነው ልክ አያልፍም። የግል ሐኪም ቤት በር በቶሎ መከፈቱ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን የወንድሜ ሚስት ስኳር የቀድሞ በሽታ ነውና ከውሉ ውጭ ሆነ።

ሦስተኛው የማኅበራዊ ጤና መድን ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 690 በመደበኛ ሥራ ያሉትንና ጡረተኞችን የሚመለከት ነበረ። ከርሱ በዃላ በወጣው ደንብም ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ፣ ጡረተኛው ደግሞ ከአበሉ 1 በመቶ እንዲያዋጣ ተወስኖ ነበር። ሐሳቡ ለሽማግሌ የተስማማ ነው፤ ነገር ግን ሥራው ለብዙ ዓመታት ስለ ዘገየ፣ ብዙ ጡረተኛ በተስፋ ሲጠብቅ ሕመሙ ቀደመው።

አራተኛው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። ይኸውም በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ፣ ዃላም ወደ አዲስ አበባ ደረሰ። በመሠረቱ ለገበሬውና ለነጋዴው፣ የወር ደመወዝ ለሌለው ሰው የታሰበ ቢሆንም፣ ጡረተኞችም ሲመዘገቡበት አይተናል። ሰውየው በወረዳው ተመዝግቦ የዓመቱን መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል የማይችለውን ድኃ መንግሥት ይከፍልለታል። የታመመ ጊዜ አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያው ይሄዳል፤ ነገሩ ከጤና ጣቢያው ዐቅም በላይ ከሆነ በሪፈራል ወረቀት ወደ መንግሥት ሆስፒታል ይላካል። ወረቀቱን ሳይዝ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሄደ ሰው ሙሉውን ጥቅም አያገኝም። መነጽርን፣ ሰው ሠራሽ ጥርስንና ለመልክ ማማር የሚደረግ ሕክምናን የመሰለ ነገር አይሸፍንም። ወረፋም አለበት፤ መድኃኒት ያለቀ ጊዜም ሰው ከኪሱ መግዛት ይመጣበታል። ነገር ግን ይህ መድን የሚቈጥረው ሰውን ለብቻው ሳይሆን ቤተ ሰቡን በአንድነት ነው፤ «ይህች ሴት ስኳር አለባትና ትውጣ» አይልም።

ምክሩ በዚህ ላይ ሲደርስ ወንድሜ ተቈጣ። «ይህን ያህል ዘመን ካስተማርሁ በዃላ በጤና ጣቢያ ደጃፍ ልሰለፍ?» አለ። ባለቤቱም በቀስታ፣ «ያስተማርሃቸውም እዚያው ናቸው፤ እኩሌቶቹ ተሰልፈዋል፣ እኩሌቶቹም መርፌ ይወጋሉ» ብላ መለሰችለት። ልጃቸው ደግሞ በስልክ፣ «አባዬ፣ አንተ እንኳ በተሻለው ግባ፤ ለእማዬ ሌላ እንፈልጋለን» ብትለው፣ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እርስዋ የማትገባበትን ቤት እኔ ምን አደርገዋለሁ?» አለ። ነገሩም በዚህ ቃል ተቈረጠ። ሁለቱም በወረዳው መድን ተመዘገቡ፤ ልጃቸው ለኩባንያው ልትከፍል ያሰበችውን ገንዘብ ደግሞ በባንክ በተለየ ደብተር እንድታስቀምጥ ተስማማን። እርሱም ለመነጽር፣ ከጤና ጣቢያው ለጠፋ መድኃኒት፣ ዳገቱን ለመውጣትና ለመውረድ ለሚያስፈልገው መኪና የሚሆን ነው። እንዲህ ሆኖ የወረዳው መድን መሠረት፣ ደብተሩም ጭማሪ ሆነ።

በእንጦጦ አጠገብ የሚኖር ሰው «ጠበል እያለ መድን ምን ያደርጋል?» የሚል ቃል ሳይሰማ አይቀርም። ነገር ግን ሁለቱ አይጣሉም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበል የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። የዚህች ከተማ ታሪክም ይህንኑ ይናገራል። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ራስ ላይ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ሲኖሩ፣ ከተራራው ብርድ ወደ ፍል ውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር፤ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. የተቈረቈረችው በዚያው በፍል ውሃው አጠገብ ነው። ንጉሡ በ1902 ዓ.ም. በስማቸው የተጠራውን ሆስፒታልም አቆሙ፤ ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘውና በዓይን ሕክምናው የታወቀው እርሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ያሠራ እጅ ሆስፒታልም እንዳሠራ ልብ እንበል።

እንግዲህ መድን የሚመርጥ ጡረተኛ ከመፈረሙ በፊት አምስት ነገር ይጠይቅ። ዛሬ ያለብኝን በሽታ ይቀበላልን? ባለቤቴን ከእኔ ጋር ይቈጥራልን? የሚያክመኝ ቤት ለእግሬ ቅርብ ነውን? በጤና ጣቢያው መድኃኒት ያለቀ ጊዜ እንደ ከነማ ያለ መድኃኒት ቤት በውሉ ውስጥ አለን? ውሉ የሚታደሰው በየትኛው ወር ነው? የእድሳቱን ወራት ያሳለፈ ሰው መዋጮውን ሲከፍል ኖሮ በታመመ ቀን ባዶ እጁን ይገኛልና፣ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ አይዘንጋ።

የመድን ምሥጢሩ በጤና ያለው ለታመመው መክፈሉ ነው። ሁሉ ሰው እስኪታመም ቈይቶ የሚመዘገብ ከሆነ ሣጥኑ ባዶ ይቀራል፤ ባዶ ሣጥን ደግሞ ማንንም አያድንም። ስለዚህ ዛሬ ደኅና የሆነ ሰው «እኔ ምን አገኘሁ?» አይበል፤ ጐረቤቱ ድኖ መነሣቱን ይመልከት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ የብዙ ሰው ጥቂት ገንዘብ በአንድነት ሲሆን ነው ለአንዱ ብርቱ ሕመም የሚበቃው።