የዋሽንቱ ትንፋሽ

በመካነ ሰላም የሚኖሩት አጎቴ ዋሽንት ሲነፉ ልብ ብሎ ለሰማቸው፥ ከዜማው ይልቅ ትንፋሻቸው ይናገራል። ለልጆች በምሠራው የኮምፒዩተር ጨዋታ፥ በጎቹ በደጋው ሜዳ ሲሰማሩ እንዲሰማ ብዬ በአምባሰል ቅኝት ሲጫወቱ ቀዳኋቸው።

የቀዳሁት በዌቭ ነበረ። ማይክሮሶፍትና አይ ቢ ኤም እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡት ይህ የፋይል ዓይነት ድምፁን አብዛኛውን ጊዜ ሳይጨምቅ ይይዛል፤ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ በ16 ቢት እየተለካ በሁለት መሥመር የተቀዳ አንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል። እኔም ቦታ ልቆጥብ ብዬ በዝቅተኛ ጥራት ወደ ኤም ፒ ስሪ ለወጥሁትና ዋናውን ደመሰስሁት። ምን ያለ ችኮላ ነው!

ዜማው ደጋግሞ እንዲዞር ባደረግሁ ጊዜ፥ በመጨረሻውና በመጀመሪያው መካከል አጭር ዝምታ ገባች። ኤም ፒ ስሪ ድምፁን በ1,152 ናሙና እየከፈለ ስለሚጨምቅ በፋይሉ ጫፎች ባዶ ቦታ ይጨምራልና። ኦግ ቮርቢስ የናሙናውን ቁጥር በትክክል ስለሚይዝ ለእንዲህ ያለው ዙር ይሻላል። ዝምታዋንስ ቆርጬ አወጣኋት፤ የከፋው ግን ጆሮ አይለየውም ተብሎ የተጣለው ትንፋሽ ነው። እርሱ ፋይሉን ወደ ኦግ ቢለውጡትም፥ ወደ ዌቭ ቢመልሱትም አይገኝም።

ለአጎቴ በስልክ ብነግራቸው፥ «እንግዲያማ ጥርሴ ሳይረግፍ ቶሎ ና፥ ልጄ» አሉኝ። ለቅዳሜ የአውቶቡስ ቲኬት ቆርጫለሁ።