ካስኬድ የማን ነው?

ይህ ቻናል ስለ ምርጫ፣ ስለ ዶላርና ስለ ነዳጅ የሚነበብበት ነው፤ ዛሬ ግን ስለ ቢራ ልጽፍ ነው። በሃይማኖትም ይሁን በጤና ምክንያት የማትጠጡ ወዳጆች ጽሑፉን ስለ አንድ ተክልና ስለ ባለቤትነቱ የተጻፈ አድርጋችሁ ብታነቡት አትከስሩም። የምትጠጡት ደግሞ በሁለቱም በኩል ታተርፋላችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ካልጠቀስኩ በቀር፣ የፈረንጆቹ ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ሆፕ። ብዙ ሰው «የፈረንጅ ጌሾ» ብሎ ይገላገለዋል። በሥራው ከሆነ ልክ ነው፤ ጌሾ ለጠላና ለጠጅ የሚያደርገውን ሆፕ ለቢራ ያደርጋል። የብቅሉን ጣፋጭነት በምሬት ያስተካክላል፣ መጠጡም ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል። በዘር ግን አይዛመዱም። ጌሾ ቁጥቋጦ ነው፤ የምንወቅጠው ቅጠሉንና እንጨቱን ነው። ሆፕ በገመድ ላይ እየተጠመጠመ 5 ሜትርና ከዚያም በላይ የሚወጣ ሐረግ ሲሆን የሚፈለገው የሴቴዋ አበባ ነው፤ ቅርፊት በቅርፊት ላይ የተደራረበች፣ ትንሽ የጥድ ፍሬ የምትመስል አረንጓዴ አበባ። ቅርፊቷን ስትገልጡት ውስጡ እንደ እርድ ቢጫ የሆነ ብናኝ አለ። ምሬቱም ሽታውም ያለው እዚያ ብናኝ ውስጥ ነው። ሲፈላ ገና ከመጀመሪያው ከጨመራችሁት ምሬቱን ይሰጣችሁና ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ሊወጣ ሲል፣ ወይም ቢራው ተብላልቶ ካበቃ በኋላ ከጨመራችሁት ሽታው ይቀራል። ዛሬ በክራፍት ቢራ ዓለም የሚወራው ሁሉ ስለዚህ ሽታ ነው።

እኔ የምኖረው ሲያትል ነው። የካስኬድ ተራሮችን ተሻግራችሁ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ስትነዱ ያኪማ ሸለቆ ትደርሳላችሁ፤ ከአሜሪካ ሆፕ አብዛኛው የሚበቅለው እዚያ ነው። ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ከሄዳችሁ አገሩ በሙሉ ይሸታል። ሆፕ በበጋ ወደ 16 ሰዓት የሚጠጋ የቀን ብርሃን ያገኛል እዚያ። የእኛ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ብቻ ስለምትወጣ ይህ ሐረግ እንደልቡ አያብብም፤ የአገራችን ቢራ ፋብሪካዎች ሆፕ በውጭ ምንዛሪ የሚያስመጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዶላር ሲጠፋ ገብስ ብቻ አይደለም የሚያስጨንቃቸው።

ከሆፕ ዓይነቶች ሁሉ የምወደው በእነዚያው ተራሮች ስም የተጠራውን ካስኬድን ነው። የግሬፕፍሩት ልጣጭ በጥፍር ሲቧጨር የሚወጣው ሽታ አለው። ከሥሩ አበባ ይከተላል፣ መጨረሻ ላይ የጥድ እንጨት ነገር። ምሬቱ ይነካል እንጂ አይነክስም። እናቴ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ ደረቅ ካስኬድ መዳፏ ላይ አድርጌላት ነበር። አሸት አሸት አደረገችና «ይሄማ ምን ጌሾ ነው፣ ሽቶ ነው እንጂ» ብላ መለሰችልኝ። በአባባሏ አልተከራከርኩም።

ካስኬድን ያወጣው የመንግሥት ምርምር ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ኦሪገን ውስጥ ኮርቫሊስ ላይ የሆፕ ማዳቀያ ነበረው። በ1956 ከእንግሊዙ ፈግልና ከሩሲያው ሰረብሪያንካ የዘር ሐረግ የተገኘ አንድ ችግኝ ተመረጠ። የተፈለገው በሽታ የሚቋቋም ተክል ነበር፤ ስለ ግሬፕፍሩት ሽታ ያሰበ ሰው አልነበረም። ችግኟ ቁጥር ብቻ ተሰጥቷት ዓመታት ቆየች። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ልባቸው ጀርመን ነበር፤ የሃለርታውን ሆፕ እያስመጡ «አሜሪካ የሚበቅለው ይከረፋል» ይሉ ነበር። የጀርመኑን ሆፕ በሽታ ሲመታውና ዋጋው ሲወጣ ኩርስ ፊቱን ወደዚህች ችግኝ አዞረ። በ1972 ካስኬድ ተብላ ለገበሬው ተለቀቀች። ተለቀቀች ስል በቃሉ ሙሉ ትርጉም ነው፤ ማንም ሰው ሥሯን ቆርጦ መትከል ይችላል፣ ፈቃድ የለ፣ ክፍያ የለ። ሆፕ የሚራባው እንደ እንሰት ከራሱ ከእናቲቱ ስለሆነ ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ካስኬድ የዚያች የአንዲት ችግኝ ቅጂ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሠሩት ትንንሾቹ ጠማቂዎች ናቸው። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው አንከር በ1975 የአሜሪካን አብዮት 200ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ሊበርቲ ኤል የሚባል ቢራ ጠመቀ፤ ካስኬድን ከተብላላ በኋላም ጨመረበት። በዘመኑ አሜሪካዊ ውኃ የመሰለ ላገር ለለመደ ምላስ ድንጋጤ ነበር። አንከር በጃፓኑ ሳፖሮ እጅ ከገባ በኋላ በ2023 ተዘጋ፤ በ2024 የቾባኒ እርጎ ባለቤት ሃምዲ ኡሉካያ ገዛው። ሊበርቲ ኤልን ከፋብሪካው መዘጋት በፊት የቀመሰ ሰው ስለሱ ሲያወራ ፊቱን ብታዩት ደስ ይላችኋል።

ሁለተኛው ሴራ ኔቫዳ ነው፣ ለእኔ ከሁሉ በላይ የሆነው። ኬን ግሮስማን የሚባል ወጣት ከጓደኛው ከፖል ካሙሲ ጋር ቺኮ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ፣ ከወተት ፋብሪካ የተጣለ ዕቃ እየለቀመና እየበየደ ጠመቃ ጀመረ። ፔል ኤሉን በ1980 ሲጠምቁ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ጣዕማቸው እኩል አልሆነም ብለው ደፍተዋቸዋል። ገንዘብ የሌለው ሰው ቢራ ሲደፋ ምን ማለት እንደሆነ ጠላ ጠምቃ የምትተዳደር ሴት ትነግራችኋለች። 5.6 በመቶ አልኮል ያለው ይህ ቢራ አርባ ዓመት አልፎት አሁንም በየሱፐርማርኬቱ፣ በየአየር ማረፊያው፣ በየቤንዚን ማደያው አለ። እኔ አዲስ ቢራ ስሞክር የምለካው በእሱ ነው። ከጥብስ ጋር ይሄዳል፤ ከክትፎ ጋር ግን የተሻለ ነው፣ የሚጥሚጣውን ሙቀት ምሬቱ ስለሚይዝለት። ከዶሮ ወጥ ጋር አልመክርም፤ በርበሬውና ሆፑ ይጣላሉ።

ሦስተኛው ኦሪገን፣ ቤንድ ከተማ የሚጠመቀው የዴሹትስ ሚረር ፖንድ ነው። ካስኬድን ያለ ሌላ ሆፕ ጫጫታ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ይጀምር። ትንሽ ለስለስ ይላል፣ ብቅሉ ይሰማል። አንዳንዱ «ያረጀ የአባቶች ቢራ» ይለዋል፤ ይበል።

አሁን ወደ ርእሱ ልምጣ። በ2018 አሜሪካ ውስጥ ከሁሉ በላይ በብዛት የተተከለ ሆፕ የነበረውን ካስኬድን ሲትራ የሚባል ሆፕ በለጠው። ሲትራ ለሕዝብ የቀረበው በ2008 ገደማ ነው፤ ያወጣው የግል ድርጅት ነው፣ ሁለት የያኪማ ኩባንያዎች በጋራ የያዙት። ማንጎ፣ ሎሚ፣ የሐሩር ፍራፍሬ ይሸታል። ስሪ ፍሎይድስ በሲትራ ብቻ የሚጠምቀውን ዞምቢ ደስት ቀምሼ አልወደድኩትም ብል ዋሽቼ ነው። ግን ሲትራ ባለቤት አለው። የሚያለማው ፈቃድ የተሰጠው ገበሬ ብቻ ነው፣ ምን ያህል መሬት ላይ እንደሚተከልም ባለቤቶቹ ይወስናሉ። የአሜሪካ የተክል ፓተንት ሕግ የወጣው በ1930 ሲሆን እንደ ሆፕ ያለ ከሥሩ የሚራባ ተክል ፈጥሮ ላስመዘገበ ሰው ዛሬ 20 ዓመት ብቸኛ መብት ይሰጠዋል። ከ20 ዓመት በኋላ ተክሉ ነፃ ይወጣል። ስሙ ግን አይወጣም። «ሲትራ» የንግድ ምልክት ነው፤ እየታደሰ ለዘለዓለም ሊኖር ይችላል። የተክሉ ትክክለኛ የዝርያ ስም ኤች ቢ ሲ 394 ነው። ጊዜው ሲደርስ ማንም ኤች ቢ ሲ 394ን ይተክላል፤ «ሲትራ ነው» ብሎ ለመሸጥ ግን ባለቤቱን ይጠይቃል። ጠጪ ደግሞ የሚያውቀው ቁጥሩን አይደለም።

የዚህ ዓይነት ባለቤትነት ሁሉ ሌብነት ነው የሚል ክርክር አላነሳም። አንድ ሆፕ ለማውጣት ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል፣ ከሺህ ችግኝ አንዱ ቢሳካ ነው። የመንግሥት በጀት በሚቆረጥበት ዘመን የግል ገንዘብ ባይገባ ሲትራ አይኖርም ነበር። በ2022 የሆፕ ክምችት ከመጠን ሲያልፍ ባለቤቶቹ ተከላው እንዲቀነስ ማድረግ መቻላቸውም ለገበሬው ዋጋ ጠቅሟል ይባላል፤ ሊሆን ይችላል። የሚከነክነኝ ሌላው ነው። በሲትራ የዘር ሐረግ ውስጥ የጀርመኑ ሃለርታው ሚተልፍሩ አለ፣ የእንግሊዙ ኢስት ኬንት ጎልዲንግ አለ። እነዚህን ለመቶዎች ዓመታት እየመረጠ ያቆየው ስሙ የማይታወቅ ገበሬ ነው። የመጨረሻዋን እርምጃ የተራመደው ሰው መንገዱን በሙሉ አጥሮ ሲይዝ ሳይ የማውቀው ታሪክ ይመስለኛል።

ከጤፍ አውቀዋለሁ። በ2005 ኢትዮጵያ ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈራረመች፤ ጤፉን እነሱ ይጠቀማሉ፣ ጥቅሙን እንካፈላለን ተባለ። ኩባንያው በጎን የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት አወጣ፣ በኋላ ከሰረ፣ ፓተንቱ ወደ ሌላ እጅ ዞረ። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት «ይህ ፈጠራ አይደለም» ብሎ እስኪሽረው ድረስ አገሪቱ ከስምምነቱ ያገኘችው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ፓተንቱን ያሸነፈውም የኢትዮጵያ መንግሥት ክስ ሳይሆን የሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች ጠብ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ለእኔ ከፍርዱ ይልቅ የሚያሳፍረው ይህ ነው።

በቡናው ደግሞ መሣሪያውን እኛው ይዘነው ነበር። ኢትዮጵያ ከ2005 ጀምሮ ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስትጠይቅ የአሜሪካ የቡና ማኅበር ተቃወመ፣ ከስታርባክስ ጋርም ክርክሩ እስከ 2007 ስምምነት ድረስ ቆየ። ታዲያ «ሲትራ» ሲመዘገብ ተናድዶ ይርጋጨፌ ሲመዘገብ የሚያጨበጭብ ሰው እርስ በርሱ አይጋጭም ወይ? አይመስለኝም። ኢትዮጵያ ለስሙ ተጠቃሚዎች ፈቃዱን የሰጠችው ያለ ክፍያ ነው፤ ዓላማው ስሙ ዋጋ እንዲይዝ እንጂ ሌላ ገበሬ ቡና እንዳይተክል አልነበረም። ይርጋጨፌ የቦታ ስም ነው፣ ከቦታው ገበሬ የሚነጥቀው ነገር የለም።

ጌሾ ግን ሜዳ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) የዘር ሀብታችንን ለመጠቀም የሚፈልግ የውጭ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድዳል፤ ከጤፉ ስምምነት አንድ ዓመት ዘግይቶ የወጣ አዋጅ ነው። በወረቀት ደረጃ ተክሉ ጠባቂ አለው እንበል። የጤፉ ፓተንት የተያዘው ግን ተክሉ ላይ ሳይሆን አዘገጃጀቱ ላይ ነበር። ደረቅ ጌሾ ሲያትል ውስጥ በየሐበሻ ሱቁ በፕላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል፤ ገዝቶ ምሬቱን ነጥሎ ለማውጣትና መንገዱን ለማስመዝገብ ከማንም የዘር ፈቃድ አያስፈልግም። አዲስ ጣዕም የሚያድኑ ጠማቂዎች በዚህ ከተማ በየመንደሩ አሉ። ዛሬ «ጠጅ እንዴት ነው የሚጣለው፣ ጌሾው ስንት ቀን ይቆያል?» ብለው የሚጠይቁኝ ፈረንጆች ቁጥር ከአምስት ዓመት በፊት ከነበረው በልጧል። መንገር ደስ ይለኛል፣ እነግራቸዋለሁም። የእናቶቻችን አጠማመቅ በጽሑፍ፣ በዝርዝርና በቀን ተመዝግቦ ቢገኝ ግን «እኔ ነኝ የፈጠርኩት» የሚል ሰው ሲመጣ ማስረጃ ይሆናል፤ የሄጉ ዳኛ የጠየቀው ጥያቄም አዲስ ነገር የቱ ላይ ነው የሚል ነበር። ይህን ለመመዝገብ ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ ከሚያስመርቁት ተማሪ የጥቂቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃዋል።

ካስኬድ ዛሬ ጀርመን ውስጥ ይበቅላል፣ አርጀንቲና ይበቅላል፣ ኒውዚላንድ ይበቅላል፤ በየአፈሩ ሽታው ትንሽ ይለያል። ያኪማ ላይ ደግሞ ማሳው እየጠበበ ነው፤ ገበሬው ስም ያለውን ይተክላል፣ አይፈረድበትም።

በመስከረም ወደዚህ የምትመጡ ካላችሁ፣ ሆፑ ሳይደርቅ ከማሳ በቀጥታ ወደ ጋን ገብቶ የሚጠመቅ ቢራ በየመጠጥ ቤቱ ታገኛላችሁ፤ ፍሬሽ ሆፕ ይሉታል። ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው የሚቆየው። ባንኮኒው ላይ ያለውን ልጅ በየትኛው ሆፕ እንደተጠመቀ ጠይቁት፤ ካስኬድ ካለ ለእኔም አንድ አስቀዱልኝ።