እባቡና ከረሜላው

እኛ ዕጩ መምህራን ማታ ማታ በየመኝታ ቤታችን የስልክ ጨዋታ ሳንሞክር አናድርም። ከሁሉም የሚበልጥብን ባንዱ ጓደኛችን አሮጌ ኖኪያ ላይ ያለው እባብ ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ከኖኪያ 6110 ጋር የወጣ ነው። እባቡ በበላ ቁጥር ይረዝማል፤ የገዛ ጅራቱን ሲነክስ አለቀለት። ግን ወዲያው እንደገና መጀመር ይቻላል። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ተራ ጠባቂው ሁሉ «ወደ ግራ! ኧረ ግራ!» እያለ አስተማሪ ይሆናል።

ካንዲ ክራሽስ? ከረሜላው ያምራል፤ መቼም አይካድም። ነገር ግን አምስቴ የተሸነፈውን «ግማሽ ሰዓት ጠብቅ፣ ካልሆነም ክፈል» ይለዋል። እስቲ አንባቢ ይፍረደን፦ ማባዛት አምስቴ የተሳሳተ ልጅ እንዲህ ቢባል ስድስተኛውን ይሞክራል? ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመን ላብ ላብ ያለን ሁሉ መልሱን እናውቀዋለን።