አውራ ጣት

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር በእግር ሩብ ሰዓት በምታስኬድ አንዲት የኪራይ ክፍል፣ በጥቅምት አንድ እሑድ ከወደ አሜሪካ ፎቶ ገባ። የላከችው ቨርጂኒያ የምትኖረው አክስት ናት። ልጇ ትምህርት ቤት የሠራው ሥዕል ነው። ወረቀቱ ላይ በብርቱካናማ ቀለም የታተሙት አውራ ጣቶች ዓይንና ጥርስ ተጨምሮላቸው ዱባ ሆነዋል። በነጭ የታተሙት ደግሞ መናፍስት ናቸው።

አያት አማተቡ። "ዱባ ወጥ ይሠራበታል እንጂ ዓይን ይሣልበታል እንዴ?"

በዓሉ ሃሎዊን ይባላል። ዘንድሮ የዋለው ጥቅምት 21 ነው፤ እዚያ ቅጠል በሚረግፍበት፣ እዚህ ደግሞ የጽጌ ጾም በሚጾምበት ወቅት። በጣት አሻራ መሣልን ለልጆች ካስተማሩት አንዱ አሜሪካዊው ሠዓሊ ኤድ ኤምበርሊ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ አሻራ ላይ ጥቂት ነጥብና መስመር ሲጨመርበት ወፍም ዓሣም ሰውም እንደሚሆን አሳየ። ዋናው ነገር ቀላልነቱ ነው። መሣል አልችልም የሚል ልጅ እንኳ ጣት አለው።

የአሥር ዓመቷ የልጅ ልጅ ይህ ወዲያው ገባት። ቀለም ስላልነበረ እርድ በውኃ በጠበጠች፣ ከሰልም አደቀቀች። ጣቷን እርዱ ውስጥ እየነከረች ዙሪያውን ስታትም፣ መሐሉን ስታጠቁረው አደይ አበባ ወጣ። አውራ ጣቷን አጋድማ አተመችና ጢም ስታወጣለት አምባዛ ሆነ። ሁለት አሻራ ጫፍ ለጫፍ ተጋጥሞ የደንገል ታንኳ መሰለ። እንቁጣጣሽ ላይ የሰፈር ወንዶች ልጆች ሥዕል ይዘው ቤት ለቤት ሲዞሩ አይታ ስለነበር፣ ለከርሞ እኔም እሸጣለሁ አለች።

"ነይ እምዬ፣ ያንቺንም ጣት እናትም።"

አያት እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉ። "የኔ ጣት ቀለም የሚነካው ለጨዋታ አይደለም።"

እውነታቸውን ነው። ያ አውራ ጣት የመሬት ይዞታ ደብተር ሲወጣ ተጭኗል። የማዳበሪያ ዕዳ ላይ ተጭኗል። ምን እንደሚል ያላነበቡት ወረቀት ላይም ተጭኗል። ጣቱን የሚጭኑት እሳቸው፣ ስማቸውን ከጎኑ የሚጽፈው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። በቅርቡ ለዲጂታል መታወቂያ አሥሩንም ጣት ስጡ ሲባሉ ደግሞ መሣሪያው ደጋግሞ አላነብም አለ። ዕድሜ ልክ ሲፈጭ፣ ሲለቅም፣ እንጨት ሲሰብር የኖረ ጣት መስመሩ ያልቃል። ባለሙያዎች በየአገሩ የሚያውቁት ችግር ነው።

ይሁንና አያት ፊደል አይተው የማያውቁ ሴት አይደሉም። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ልጃገረድ ነበሩ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ፣ በተጀመረ በዓመቱም በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ታላቅ ሥራ ነው። አያትም ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ስማቸውን መጻፍ ቻሉ። ከዚያ በኋላ ግን በገጠሩ ቤት መጽሐፍ አልነበረም፤ ጋዜጣም አልደረሰም። ፊደሉ እንዳልታረሰ ማሳ ዳዋ ዋጠው። እሳቸውም ወደ አውራ ጣት ተመለሱ።

ዛሬ ሊነገር የሚገባው ይኸው ነው። ማንበብና መጻፍ አንዴ ከተያዘ የማይለቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ግን ይለቃል። በአማራ ክልል ጦርነቱ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ከተቀጣጠለ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ይህች ልጅ አንደኛ ክፍልን ጨርሳ ነበር። በ2016 እና በ2017 የመንደሯ ትምህርት ቤት አልተከፈተም። ዘንድሮ ከአያቷ ጋር ከተማ ገብታ ሁለተኛ ክፍል ተቀምጣለች፤ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ረጅሟ እሷ ናት። በዚህም ዕድለኛ ናት። መንደር የቀሩት እኩዮቿ ግን አሁንም ቤት ናቸው።

የፈረሰ ድልድይ ገንዘብ ሲገኝ ይሠራል። የስምንት ዓመት ልጅ ግን ስምንት ዓመት የሚሆነው አንዴ ብቻ ነው። ጠመንጃ የያዘው ወገን ሁሉ ስለ ሕዝብ ነው የምዋጋው ይላል። እንግዲያው ሌላውን ሁሉ ሳይስማሙበት እንኳ፣ ትምህርት ቤትንና መምህርን ላለመንካት መስማማት ይችላሉ። ካልሆነ ድል ያደረገው ወገን የሚረከበው ስሙን መጻፍ የማይችል ትውልድ ነው። የሰላም ስምምነቱንም ያ ትውልድ በአውራ ጣቱ ይፈርማል።

ያን እሑድ አያት በመጨረሻ ተረቱ። አውራ ጣታቸውን እርዱ ውስጥ ነክረው ወረቀቱ መሐል ጫኑት። መስመር የሌለው፣ ሰፊ፣ ቢጫ ክብ ወጣ። ልጅቱ ዙሪያውን በራሷ ትንንሽ ጣቶች ከበበችውና አበባ አደረገችው። ከዚያ እርሳስ አንሥታ፣ ምላሷን አውጥታ፣ ከሥሩ የአያቷን ስም ጻፈች።

አያት ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው ቆዩ።

"ይቺ ሁለተኛዋ" አሉ በጣታቸው እየጠቆሙ፣ "እግር የነበራት ይመስለኛል።"

ልጅቱ ላጲስ ፍለጋ ተነሣች።