ለአንድ ችግኝ ሙሉ ሸንጎ

በ2011 ክረምት፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ አገር ሲያወራ፣ እኛ ፍኖተ ሰላም እናቴ ግቢ ስለ አንዲት ችግኝ ሸንጎ ተቀምጠን ነበር። የጓሮው አሮጌ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ምትክ ይፈለግለታል።

ታላቅ ወንድሜ አላመነታም። «ያው ባሕር ዛፍ ነዋ!» አለ። አልፈረድኩበትም። ከቡሬ ወዲህ መንገዱን ይዞ የመጣ ሰው ገበሬው ለምን እንደሚወደው ይገባዋል፤ በጥቂት ዓመት አጣና ይሆናል፤ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ያቃለለ ባለውለታም ነው። ክፋቱ ውሃ ይወዳል። የእናቴ የውሃ ጉድጓድ ደግሞ ከጉቶው ዐሥር እርምጃ አይርቅም።

«አያ፣ እሱስ ይቅር» አልኩት።

የእህቴ ልጅ ቀበል አድርጋ፣ «የፈረንጅ ጥድ ይሁን፤ ለገና እናስጌጠዋለን» አለች። ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ስም ሲሰማ ዝም አይልም። ፈረንጅ ለገና የሚያስጌጠው «ፈር» የተባለው ዛፍ በአፍሪካ ከሞሮኮና ከአልጄሪያ ተራሮች በቀር በተፈጥሮው አይገኝም። እኛ የፈረንጅ ጥድ የምንለው ሌላ ነው፤ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ሆኖ ሳለ በሳይንስ ስሙ «ሉሲታኒካ»፣ ማለትም የፖርቱጋል ተብሏል። ቶሎ ያድጋል፤ መቀስ ይችላል፤ ለአጥር የሚያህለው የለም። እኛ ግን የምንፈልገው አጥር አልነበረም።

የቀሩት የቤተ ክርስቲያን አጸድ ዛፎች፣ ዝግባና የአበሻ ጥድ ናቸው። ዝግባ ግርማው ደስ ይላል፤ ሲገዝፍ ግን የኛን ግቢ ጨርሶ ጎረቤት ይሻገራል። የአበሻ ጥድ ምስጥ የማይደፍረው፣ ለምሰሶ የታመነ እንጨት ነው። አንድ ነውር አለው፤ አይቸኩልም።

«ስንት ዓመት ይፈጃል?» አለች እናቴ።

«ሠላሳም አርባም» አልኩ እያፈርኩ። ሰማንያን አልፋለች።

ሳቀች። «ታዲያ እኔን ምን አስቸኮለኝ?»

ጥድ ተከልን። እኔም በየክረምቱ እየሄድኩ እለካው ነበር። በ2015 ነሐሴ ግን ጦርነቱ መጣ፤ ስሟ «የሰላም መንገድ» ወደሆነው ከተማ እንደ ልብ መሄድ ቀረ። ስልኩ በሠራ ቀን ከጤናዋ ቀጥሎ የምጠይቃት ስለ ጥዱ ነው።

«ከቁመቴ አልፏል» አለችኝ በቀደም። «እሱስ ደረሰ፤ የዘገየኸው አንተ ነህ።»