«ሹፌር፣ አንዴ ቁምልኝ!» ... ከዓባይ በረሃ እስከ ቡሬ በስኳር ጥርጣሬ

የጎጃምን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። አዲስ አበባን ጎህ ሳይቀድ ለቅቃችሁ፣ ሱሉልታን፣ ሙከ ጡሪን፣ ፍቼን አልፋችሁ ጎሐ ጽዮን ስትደርሱ ብርዱ ገና ከጃኬታችሁ አልወጣም። ከዚያ አውቶቡሱ አፍንጫውን ቁልቁል ይደፋና ዓባይ በረሃ ይገባል። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርድና ሲወጣ ጃኬት ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል፣ የሃይላንድ ውሃ ከእጅ እጅ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2008 በተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ላይ ስታልፉ ላብ በላብ ናችሁ። ሽቅብ ወጥታችሁ የደጀን ነፋስ እስኪዳብሳችሁ ድረስ ጨዋታም የለ።

በዚህ መንገድ ላይ ሽንቱ የሚመላለስበት ሰው መሆን ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ?

ጊዜው ጥር 2011 ነው፤ የሠርግ ወር። እኔ የ37 ዓመት ጎልማሳ፣ ወንበር ላይ ውሎ ወንበር ላይ የሚያመሽ፣ ቦርጩ ከቀበቶው በላይ ብቅ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ፍቼ ላይ አንዴ አስቆምኩ። ጎሐ ጽዮን ላይ ሁለተኛ። በረሃው መሃል፣ ጦጣዎቹ ከመንገድ ዳር ቁጭ ብለው እያዩኝ፣ ሦስተኛ። አራተኛው ላይ ረዳቱ ስም አወጣልኝ፤ ስሙን እዚህ ብጽፈው አዘጋጁ ስለሚሰርዘው ይቅር። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ወንበሬ ላይ ስመለስ ግን ከኋላዬ የተቀመጡ ነጠላ ያጣፉ እናት ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ስኳር ይሆን እንዴ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

ሳቄ እዚያው ደረቀ። አባቴን የወሰደው ስኳር ነው። መጀመሪያ የእግሩ ጣት፣ ቀጥሎ ዓይኑ፣ በመጨረሻ ኩላሊቱ። እኚህ እናት ይኼን ከየት አወቁት?

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ያየሁት በግማሽ ዓይን ነው። ሉማሜ አለፈ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ ተበላ፣ ደምበጫ መጣ። እኔ የማውቃቸውን ምልክቶች በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር፦ ውሃ ጥም፣ ሽንት መመላለስ፣ ያለ ምክንያት ድካም፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ ሳያስቡት መክሳት፣ ቶሎ የማይሽር ቁስል፣ እግር መደንዘዝ፣ እየተመላለሰ የሚያሳክክ ነገር። ጥሙም ሽንቱም አለ። ዓይኔም ሰሞኑን የታርጋ ቁጥር ማንበብ እምቢ ብሎኛል። መክሳት ብቻ ነው የቀረኝ፤ እሱ ደግሞ እንኳን ሊመጣ በሩቁም አይታይ!

ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ 385 ኪሎ ሜትር ገደማ። ስሟ በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ያለበሰ ብርድ እዚህ የለም፤ ሞቅ ትላለች። ባጃጁ ይርመሰመሳል፣ መንገድ ዳር ሸንኮራ ተደርድሮ ይሸጣል። ዙሪያዋን በቆሎውና ጤፉ ታጭዶ ገብቶ የተረፈው አገዳና ገለባ ነው፤ ጥር ላይ ገበሬው እጁ ላይ ትንሽ ብር፣ ትንሽ ጊዜ ያለው ያኔ ስለሆነ ድግሱም ያኔ ይበዛል። እኔን የጋበዘችኝ የአባቴ እኅት ናት። የባሏ ወንድም ከማንኩሳ ወዲያ ገጠር ልጁን ይድራል። ማንኩሳ ማለት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህ አገር ናት፤ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መሃል መንገድ ላይ ትገኛለች። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ሲያልፍ አንገቱን ማስገጉ አይቀርም፤ የሚያየው ግን እንደ ሌላው መንገድ ዳር ከተማ ቆርቆሮ፣ ሱቅና ባጃጅ ነው።

ማታ እራት ላይ ጥርጣሬዬን አወጣሁት። አክስቴ ደነገጠች። ባሏ ግን (እሳቸውን አያ ነው የምላቸው) ጢማቸውን አሻሽተው ሳቁ።

«ይኼማ ቀላል ነው» አሉ። «ጓሮ ሂድና ድንጋዩ ላይ ሽና። ጠዋት ጉንዳን ከወረረው ስኳር አለብህ፤ ካልወረረው የለብህም። ደግሞስ እኛ አገር ስኳር የለም፤ የእናንተ የከተሜዎቹ ነው!»

እንዳትስቁ። አያ ብቻቸውን አይደሉም። የጥንት የህንድ ሐኪሞችም ጉንዳን የሚሰበሰብበትን ሽንት አይተው ነው በሽታውን ከማር ጋር ያያያዙት። የፈረንጆቹ ሳይንሳዊ ስም «ሜሊተስ» የሚለውም በላቲን ማር ማር ማለትን ነው። ችግሩ ጉንዳኑ ዘግይቶ የሚደርስ መሆኑ ላይ ነው። ኩላሊት ስኳርን ወደ ሽንት መልቀቅ የሚጀምረው በአብዛኛው ሰው ላይ የደም ስኳሩ ከ180 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ገደማ ሲያልፍ ነው። በሽታው ደግሞ በባዶ ሆድ ከ126 ጀምሮ በሽታ ይባላል። በመካከል ያለው ሰው ጓሮው ንጹሕ ነው፤ ጉንዳንም ዝንብም አይመጣለትም፤ ደም ሥሩ ግን ይጎዳል።

«ነገ ምርመራ ልሄድ ነው፤ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ምግብ ሳይበላ ነው የሚኬደው፤ ውሃ ይፈቀዳል» አልኩ። አክስቴ እጇን አጨበጨበች፦ «ነገ ረቡዕ አይደል! ማን ይበላል ብለህ ነው? እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፤ ብቻህን አትሄድም።»

እውነቷን ነው። ረቡዕና ዓርብን ለሚጾም አገር «ሳትበሉ ኑ» ማለት ትእዛዝ አይደለም። አዲስ አበባ ግን ስንቱ ነው በማኪያቶና በቦምቦሊኖ ሆዱን ሞልቶ «በባዶ ሆድ ነኝ» የሚለው!

የሄድንበትን ክሊኒክ ስም አልነግራችሁም። ወረፋው አጭር ነበር። የላቦራቶሪው ልጅ ለእኔ ከክንዴ ደም ቀዳ። አክስቴ አጠገቤ ቆማ ፊቷን አዙራለች። ልጁ «እትዬ፣ እርስዎስ አይታዩም? ከመጡ አይቀር» አላት። «እኔ ምን ሆኜ!» አለች። ስንከራከር ስንከራከር እጇን ዘረጋች፤ ለእኔ ብላ ነው።

ለወጣቱ አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ። ጣት ተወግቶ በትንሿ መሣሪያ የሚታየው ቁጥር ጥርጣሬን ማንቂያ ነው፤ ቁርጡን የሚናገረው ከደም ሥር ተቀድቶ በላቦራቶሪ የሚሠራው ነው። በባዶ ሆድ ከ100 በታች ጤና ነው። ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር ይባላል፤ በሩ ላይ ቆማችሁ ማለት ነው። 126ና ከዚያ በላይ ስኳር ነው፤ ግን ምልክት የሌለበት ሰው በአንድ ቀን ውጤት ብቻ «ስኳር አለብህ» አይባልም፤ በሌላ ቀን ይደገማል። ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ የሚባለው ምርመራ ደግሞ የሁለት ሦስት ወሩን አማካይ ስለሚያሳይ መጾም አይጠይቅም፤ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው። አንድ ሳምንት ስኳር ትቶ ሐኪሙን ለማታለል የሚሞክር ሰው በዚህኛው ይያዛል።

ውጤቱ ሲመጣ ጤና መኮንኗ ሁለታችንንም አስገባችን። እኔ 117። «ቅድመ ስኳር» አለችኝ። «ግን በ117 ሽንት እንዲህ አይመላለስም። ትናንት ምን ያህል ጠጣህ?» ቆጠርኩላት፦ በረሃው ላይ ሁለት ትልልቅ ሃይላንድ፣ ደብረ ማርቆስ አንድ፣ ቡናው ሳይቆጠር። ሳቋ አመለጣት። ለዓይኔ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂድ አለችኝ (መነጽር ሆኖ ተገኘ፤ ከስኳር ጋር አልተገናኘም)። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞረች፤ ሳቁም ቆመ።

214።

አክስቴ ቁጥሩን አላወቀችውም፤ የእኔን ፊት ነው ያየችው። ጤና መኮንኗ ቀስ ብላ መጠየቅ ጀመረች። ሌሊት ይነሣሉ? አዎ፣ ሁለት ሦስቴ፤ ዕድሜ ነው ብዬ። እግር ላይ ቁስል? አክስቴ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። ተረከዟ ላይ ከመስቀል ጀምሮ ያልሻረ ስንጥቅ አለ፤ ቅቤ ስትቀባው ከርማለች። እኔ ያን እግር ሳይ የአባቴን እግር ነው ያየሁት፤ ወንድምና እኅት ናቸዋ፣ ጣታቸው እንኳን አንድ ዓይነት ነው።

ይኼ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ጥናት ዕድሜያቸው 35ና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ከከተሜው 5.1 በመቶ፣ ከገጠሬው 2.1 በመቶ ስኳር እንዳለበት አግኝቷል። ከተገኘባቸው ውስጥ ከመቶው 69ኙ እስከዚያች ቀን አያውቁም ነበር። የአሜሪካ የስኳር ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ምልክት የሌለውም ሰው ከ35 ዓመቱ አንሥቶ እንዲመረመር ይመክራል፤ ክብደት ያለው፣ በዚያም ላይ ወላጅ ወይም እኅት ወንድም ስኳር ያለበት ደግሞ ከዚያም ቀድሞ።

እሑድ ሠርጉ ደረሰ። የጎጃም ገጠር ሠርግ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ጠላና አረቄ እምቢ ማለት ጀግንነት ይጠይቃል። አክስቴ ለሁሉም «ቃል አለብኝ» እያለች አለፈችው፤ ስለት ይሁን ስኳር ማንም አልጠየቃትም። ከዳሱ ጥግ ግን አንድ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ አየሁ፤ ቀጭን፣ እግሩ እንደ ጥራጊ እንጨት። እሱም አይጠጣም። ስናወራ ኢንሱሊን እንደሚወጋ ነገረኝ። ቤቱ ወስዶ አሳየኝ። ማቀዝቀዣ የለ፣ መብራት የለ፤ እርጥብ አሸዋ በተሞላ ማሰሮ ውስጥ፣ ጎጆው ጥላ ያለበት ጥግ፣ ብልቃጧ በላስቲክ ተጠቅልላ ተቀብራለች። መድኃኒቱን ለማምጣት በእግር ከሄደ በኋላ መኪና ይይዛል። ጤና ኬላ አቅራቢያው ቢኖርም ኢንሱሊን እዚያ አይገኝም።

«ስኳር የጠገበ ሰው በሽታ ነው» የሚል ሁሉ ይኼን ልጅ ቢያየው ደስ ይለኝ ነበር። የጎንደር ሐኪሞች እንዲህ ዓይነት ቀጫጭን፣ ድሃ የገጠር ወጣቶች ኢንሱሊን ፈላጊ ሆነው መምጣታቸውን ለዓመታት ሲጽፉ ቆይተዋል፤ ነገሩ በልጅነት ከተራበ አካል ጋር የተያያዘ ይሆን ብለው ጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «ዓይነት አምስት» ብሎ ተቀብሎታል። የልጁ የትኛው እንደሆነ እኔ አልለይም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ጎጃም ጦርነት ሲገባ፣ መንገድም አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ያችን ማሰሮ ነው። ስልክ ደውዬ ጠየቅሁ፤ ከተማ ዘመድ ቤት ገብቷል አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት በባዶ ሆድ ቡሬ ገባን፤ ከፍኖተ ሰላም ሠላሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ቡሬ የመንታ መንገድ ከተማ ናት፤ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት። በርበሬው ተነጥፎ ሲደርቅ አየሩ ራሱ ያስነጥሳል። ዘንድሮ የምትሄዱ ትልቁን የዘይት ፋብሪካም ታያላችሁ፤ ያኔ ገና አልተመረቀም። የአክስቴ ሁለተኛ ምርመራ እዚያው ተሠራ፦ 198። እንግዲህ ቁርጥ ሆነ። ሜትፎርሚን ታዘዘላት፤ ዓይኗን፣ ኩላሊቷንና እግሯን በየጊዜው እንድታሳይ፣ በባዶ እግሯ እንዳትሄድ ተነገራት። እንጀራ ተከለከለች ብላ አልቅሳ ነበር፤ አልተከለከለችም፤ መጠኑ ነው የተቀነሰው። ቡናዋ ላይ ሦስት ማንኪያ የነበረው ስኳር ግን በዚያው ቀን ተሰናበተ።

ለእኔ የተሰጠኝ ትእዛዝ አጭር ነው፤ ቦርጩን ቀንስ፣ ተራመድ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የአሜሪካኖች ትልቅ ጥናት እንደ እኔ በሩ ላይ የቆሙ ሰዎች ክብደታቸውን ከመቶ ሰባት ያህል ቀንሰው በሳምንት 150 ደቂቃ ሲንቀሳቀሱ፣ ወደ ስኳር የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። እኔ ስድስት ኪሎ ጥያለሁ። ባለፈው 104 ነበርኩ።

አያስ አትሉም? ጉንዳናቸውን ሙጥኝ እንዳሉ አንድ ዓመት ከረሙ። አክስቴ «አንተ ሳትመረመር እኔ ክኒኔን አልውጥም» ብላ አምጻ ነው በግድ የሄዱት። ማታ ደወሉልኝ፤ ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ ጎረቤት ይሰማል።

«94! ሰማህ? 94! ጉንዳኖቹ ልክ ነበሩ እኮ!»