አሞሌ ያለፈባት ሰቆጣ

ከላሊበላ በንጋት የተነሣችው ሚኒባስ ብልባላን አልፋ አስከተማ ስትደርስ የሁላችንም ቅንድብ በአቧራ ሸብቷል። ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ሁለት ጀሪካን ዘይት በጉልበታቸው መሀል አጥብቀው ይዘዋል።

«አባ፣ ዘይት ሰቆጣ የለም እንዴ?»

«አለ እንጂ ልጄ። እዚያ ሲደርስ ግን የመኪናውንም ጨምረው ነው የሚሸጡልህ።»

ሰቆጣ ሁልጊዜ እንዲህ የመንገድ ጫፍ አልነበረችም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአፋር ረባዳ በግመልና በበቅሎ የሚወጣው አሞሌ ጨው ከሚያርፍባቸው ትልልቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ የዚህ የዋግ አገር ገዥዎች፣ ዋግሹሞቹም ከሚያልፈው ጨው ቀረጥ ይበሉ ነበር። አሞሌ ገንዘብም ስለነበር ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይወደዳል፤ አንድ ማርትሬዛ ብር አፋር ጠርዝ ላይ የሚያወጣው አሞሌ ጎጃም ሲደርስ በብዙ ያንሳል። ከዚያ ልዩነት ጥቂቱ እዚህ ይቀር ነበር። የነጋዴ መተላለፊያ የመሆን ጥቅሙ ይኸው ነው። በሰሜኑ ጦርነት ወደ ኮረም የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ከቀሯት በሮች አንዱ ተደረገመባት።

ገበያው ውስጥ ኽምጣኛና አማርኛ ይቀላቀላሉ። ማር የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ የባልዲውን ክዳን ከፍተው ነጩን ማር በጣታቸው አቀመሱኝ። ዋጋውን ነገሩኝና ተራቸውን ጠየቁኝ፤ «አዲስ አበባ ስንት ይሄዳል?» ትንሽ አሰብኩና ዋሸኋቸው፤ ቀንሼ ነገርኳቸው። ቀንሼም እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ በኋላ ለመከራከር ፊት አጣሁ፤ ባሉኝ ገዛሁ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትም በዚያው ሰሞን የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጽድቋል። ወደ ውጭ የሚልክ ሰው ይጠቀማል ተብሎ ነበር። ዋግ የሚልከው አላጣም፤ ከተከዜ ቆላ ዕጣን አለ፣ ከአበርገሌ ፍየል፣ ከደጋው ማር። አንድ ባለሱቅ ይህን ሳነሣለት ሳቀ።

«የዘይቱ ዋጋ በማግስቱ እዚህ ደረሰ። የፍየሉ ገና መንገድ ላይ ነው፤ መኪናው ሳይበላሽበት አልቀረም።»

ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ስጽፍ፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ከዚህ ብዙ እንደማይርቅ ትዝ አለኝ። የቻይና ኩባንያዎች የሠሩት፣ 300 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የታነጸ ግድብ ነው። ኤሌክትሪክ እንደ አሞሌ አይደለም፤ በደጅ ሲያልፍ ቀረጥ አይበሉበትም።

የከተማዋ ስም ግን ከሰዎቿ ይልቅ ሩቅ ሄዷል። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የዓለም መሪዎች ስለ ልማት ፋይናንስ ሲመክሩ መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ያለውን ይፋ አደረገ፤ ግቡ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን እንዳይቀነጭር ማድረግ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ የአገሩ አማካይ 38 ነበር። በማግስቱ ጧት እንቁላል ይዛ ወደ ገበያ የምትወርድ እናት አገኘሁ፤ ልጇን አዝላለች። «ለልጅሽስ አትሰጪውም?» ብዬ የጠየቅሁ ቂል እኔ ነኝ።

«እንቁላሉ ጨውና ሳሙና ነው፣ ጋሼ» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ አይሱዙ ላይ ፍየል ሲጭኑ ቆሜ አየሁ። ነጋዴው ወጣት ነው፤ የሚመርጠው ለጋ ወንዱን ብቻ ነው፤ ዐረቦቹ ሥጋው ቶሎ የማይጠቁረውን የቆላ ፍየል ይወዳሉ ይላል። ከቄራው ወጥቶ ቀዝቅዞ በአውሮፕላን ወደ ዐረብ አገር ይሄዳል። ታላቅ ወንድሙም ወደዚያው ሄዷል፤ እሱ ግን በአፋር አድርጎ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን በእግሩ። ደላላው ቤት ድረስ ደውሎ ብር ያስላከው ሁለቴ ነው። ቤተሰቡ ያን ያህል ፍየል በአንድ ጊዜ ሸጦ አያውቅም ነበር።

«አሁን ምን ይሠራል?»

«እረኛ ነው።»

ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። አሸዋ፣ የውኃ በርሜል፣ ፊቱን በሻሽ የሸፈነ ሰው፣ ዙሪያውን ፍየሎች። ሰውየውን አልፎ ፍየሎቹን በሁለት ጣቱ አሰፋቸው።

«ጆሯቸውን አየኸው?» አለኝ። «ይኼ የእኛ ዘር አይደለም።»